ዝማሬው ተሰማ፤ ጎጆውስ?

ክብደቷ አሥር ግራም እንኳ አይሞላም። ጀርባዋ ግራጫ፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው። በቅጠል መሐል ስትቀመጥ ከጥላው ስለማትለይ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ሳያያት የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ታናሿ የቤል ቪሪዮ ትባላለች፤ በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት አራት የቤል ቪሪዮ ንዑስ ዝርያዎች አንዷ ናት። ስሙ የመጣው ከጆን ግራሃም ቤል ነው። ቤል በ1843 ዝነኛው የወፎች ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን በሚዙሪ ወንዝ ሽቅብ ሲጓዝ አብሮት የነበረ ሰው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለዓይን የምትሰወረው ወፍ ለጆሮ ግን አትሰወርም። ወንዱ ከንጋት ጀምሮ ይዘምራል። የዝማሬው አንዱ ሐረግ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ተከታዩ ዝቅ ብሎ የመለሰ ይመስላል። ጠያቂውም መላሹም ራሱ ነው። ከሴቷ ጋር ተራ እየገባ እንቁላል ሲታቀፍ እንኳ አፉን አይዘጋም። ጎጆን ያህል ነገር ደብቆ ሠርቶ ከውስጡ ሆኖ መዘመር ብልህነት አይመስልም፤ ወፉ ግን ምናልባት ሚሊዮን ዓመት ሲያደርገው ኖሯል።

ይህን ዝማሬ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ ማለዳ ወንዝ ዳር ተጉዞ ስንት ወንዶች እንዳሉ መዝግቦ ሊመለስ ይችላል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ወፊቱ ለምን እየጠፋች እንደነበር የታወቀው ግን ሰዎች ከዝማሬው አልፈው ጎጆው ውስጥ ማየት ሲጀምሩ ነው።

ድሮ ብርቅ አልነበረችም። በካሊፎርኒያ ከሳክራሜንቶ ሸለቆ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሬድ ብላፍ ከተማ አካባቢ ጀምሮ፣ በሳን ዋኪን ሸለቆ አድርጎ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ በየወንዙ ዳር ትራባ ነበር። የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በባሃ ካሊፎርኒያ ደቡብ ነው። በመጋቢት ወደ ሰሜን መመለስ ትጀምራለች፤ መስከረም ሳያልቅ ትሄዳለች።

እርሻው ሲስፋፋ ወንዞቹ ተገደቡ፣ ዳርቻዎቹ ተመነጠሩ፣ በከተሞቹ በኩል የሚያልፉት ደግሞ በኮንክሪት ቦይ ውስጥ ገቡ። በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ከነበረው የወንዝ ዳር ደን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደጠፋ ይገመታል። ከእርሻውና ከከብቱ ጋር ደግሞ አንድ እንግዳ ወፍ መጣ፤ ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ። ጆሴፍ ግሪኔልና አልደን ሚለር በ1944 ስለ ካሊፎርኒያ ወፎች ስርጭት ባሳተሙት ትልቅ ሥራ ቪሪዮዋ እየቀነሰች መሆኗን ጽፈው ነበር። በ1970ዎቹ አጥኚዎች በሳክራሜንቶና በሳን ዋኪን ሸለቆዎች ፈልገው አንዲትም አላገኙም። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1980፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1986 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገቧት። ያኔ በአሜሪካ ምድር የሚታወቁት ጥንዶች 300 ገደማ ነበሩ።

የምትኖርበትን ቦታ ሁኔታ ካላወቁ ቀሪው ታሪክ አይገባም። ቪሪዮዋ የምትወደው ያረጀ ረጅም ደን አይደለም። ጎርፍ ጠርጎት ካለፈ በኋላ እንደገና የበቀለ፣ ዕድሜው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሚሆን፣ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ጥሻ ትፈልጋለች። አኻያ ዋናው ነው፤ ከሥሩም የዱር ጽጌረዳና በአካባቢው ሙልፋት የሚሉት ቁጥቋጦ ይበቅላሉ። ጎጆዋን የምትሠራው በቅርንጫፍ መንታ ላይ አንጠልጥላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ለልጅ እንኳ የሚደርስ ከፍታ ነው። ለእባብ፣ ለድመት፣ ለጉንዳንም ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጥሻ ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ዛፎቹ ሲረዝሙ ጥላቸው ከሥር ያለውን ያደርቀዋል፤ ወፊቱም ትለቃለች። ወንዝ በየጊዜው እየሞላ አሮጌውን ካልጠረገ አዲሱ አይበቅልም። ግድብ የሚያቆመው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንዴ ተቆጥሮ የተመዘገበ የመራቢያ ሥፍራ ከአሥር ዓመት በኋላ ባዶ ሊሆን፣ ትናንት አሸዋ የነበረ ዳርቻ ደግሞ ዛሬ ጎጆ ሊሞላው ይችላል። ክትትሉ በየዓመቱ የሚደገመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ያወጣው የቅኝት መመሪያ ለአንድ ሥፍራ ስምንት ጉብኝት ይጠይቃል፤ ከኤፕሪል 10 እስከ ጁላይ 31፣ በእኛ ከሚያዝያ 2 እስከ ሐምሌ 24 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በሁለት ጉብኝቶች መካከል ቢያንስ አሥር ቀን አልፎ። ቅኝቱ ከንጋት እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ይካሄዳል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ከሦስት ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ወይም ከ50 ሄክታር በላይ መሸፈን የለበትም። በዝናብ፣ በነፋስና በከባድ ሙቀት ቀን የተደረገ ጉብኝት አይቆጠርም።

ስምንት ጊዜ መብዛቱ ነው? የምትዘምር ወፍ አይደለችም እንዴ? እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ይረዳናል። አንድ ባለሙያ በአንድ ጉብኝት እዚያ ያለችን ወፍ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ «የለችም» ቢል፣ ወፏ እያለች የመሳት ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው። ስምንት ጊዜ ሄዶ ስምንቱንም ጊዜ የመሳት ዕድሉ ግን ከ256 አንድ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው አንዱ ጉብኝት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። ዛሬ በሆነ ምክንያት ጸጥ ያለች ነገም ጸጥ ልትል ትችላለች፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ መሄድ እንደ አንድ ጉብኝት ነው የሚቆጠረው። አሥር ቀን የተባለው ከዚህ ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ታቅፋ የነበረችው ጫጩት ትመግባለች፣ ጎጆዋ የፈረሰባት ደግሞ አዲስ ትጀምራለች።

በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚከብደው ቃል «የለችም» ነው። «አለች» ለማለት አንድ ዝማሬ ይበቃል። «የለችም» የተባለበት ቦታ ግን መንገድ ሊያልፍበት፣ ቤት ሊሠራበት ነው። የቅኝቱን ወጪ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ መሥራት የሚፈልገው ወገን መሆኑን ስናስታውስ፣ መመሪያው ለምን እንዲህ ጥብቅ እንደሆነ ይገባናል።

የተቀዳ ዝማሬ ማሰማት ክልክል መሆኑም ያለምክንያት አይደለም። በድምፅ ማጫወቻ የቪሪዮ ዝማሬ ቢለቀቅ ወንዱ ባላጋራ ገባብኝ ብሎ ጎጆውን ጥሎ ይመጣል። ያን ጊዜ እንቁላሉ ይበርዳል፤ በአካባቢው ያሉ ጎጆ ዘራፊዎችም ግርግሩን ያያሉ። ቪሪዮ ራሷ አብዝታ ስለምትዘምር ዝም ብሎ ማዳመጡ ይበቃል።

የጎረቤቷ ነገር ግን ይለያል። በእነዚሁ ወንዞች ዳር የምትራባ፣ በ1995 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ የገባች፣ ደቡብ ምዕራባዊቷ ዊሎው ፍላይካቸር የምትባል ትንሽ ነፍሳት አዳኝ ወፍ አለች። እሷ ያን ያህል አትዘምርም፤ ስለዚህ በልዩ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ ይፈልጓታል። ሌላም ጣጣ አላት። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ከእሷ ጋር በመልክም በድምፅም የሚመሳሰሉ፣ ወደ ሰሜን የሚያልፉ ሌሎች ንዑስ ዝርያዎች በዚያው ጥሻ ያርፋሉ። መንገደኛውን እንደ ነዋሪ መቁጠር ቀላል ነው። ስለዚህ መመሪያው ከሰኔ መጨረሻ በኋላም እንዲፈለግ ያስገድዳል፤ ያኔ መንገደኞቹ ሄደዋል፤ የቀረው የሠፈሩ ሰው ነው።

እንግዲህ ስምንቱም ጉብኝት ተጠናቀቀ፣ ካርታው ላይ ሃያ ወንዶች ተመዘገቡ እንበል። ሃያ ጥንድ አለ ማለት ነው? አይደለም። ሚስት ያላገኘ ወንድ ካገኘው ይልቅ አብዝቶ ይዘምራል። በጣም የሚጮኸው ወፍ ምናልባት ብቸኛው ነው። ጥንዶች ቢሆኑስ? እንቁላል ጥለዋል? ጥለውስ ከሆነ የተፈለፈለው የማን ጫጩት ነው? ወንዶቹ በየዓመቱ እየመጡ የሚዘምሩበት፣ አንድ ጫጩት ግን ክንፍ አውጥቶ የማይወጣበት ሥፍራ ሊኖር ይችላል። የእንዲህ ያለ ቦታ ቆጠራ ለጥቂት ዓመታት ደህና ይመስላል፤ ከሌላ ቦታ የተወለዱ እየመጡ ስለሚሞሉት። የዘርፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቦታ ወፍ የሚውጥ ሥፍራ አድርገው ያዩታል። ከወንዝ ዳር በጆሮ ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ጎጆ መፈለግ ግድ ይሆናል። ፈላጊው ጥሻውን እየገለጠ አይሄድም፤ ይቀመጥና ያያል። ወፊቱ የሸረሪት ድር ወይም የቅርፊት ክር በአፏ ይዛ ስትሄድ በዓይኑ ይከተላታል። ጎጆውን ሁለቱም ተጋግዘው በአራት ወይም በአምስት ቀን ይጨርሱታል። ሦስት ወይም አራት እንቁላል ይጣላል፤ ለ14 ቀን ያህል ይታቀፋሉ፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ከጎጆ ይወጣሉ። ጎጆው ከፈረሰ እንደገና ይጀምራሉ፤ በአንድ ወቅት እስከ አምስት ጊዜ የሞከሩ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥንቃቄ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ትልቁ ፍርሃታቸው ራሳቸው ገዳይ መሆን ነው። ሰው የረገጠው ሣር መንገድ ይሆናል፤ መንገድ ደግሞ ለአዳኝ እንስሳ ምልክት ነው። ስለዚህ ወደ ጎጆው ደርሶ በመጣበት አይመለሱም፤ እንደሚያልፍ ሰው አልፈው በሌላ በኩል ይወጣሉ። ቅርንጫፍ አይቆርጡም። ምልክቱን የሚያስሩት ከጎጆው ራቅ አድርገው ነው። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ መስታወት ከጎጆው በላይ ይዘው እንቁላሉን ይቆጥራሉ፤ እጅ አያስገቡም። አካባቢው ላይ እንደ ቁራ ብልህ የሆነው ስክራብ ጄይ የሚባለው ወፍ ካለ ጭራሽ አይጠጉም፤ ሰው ምን እንደሚያይ አይቶ ኋላ ራሱ ይመጣል። ጫጩቶቹ ለመውጣት ሲቃረቡም በሩቁ ነው የሚታዩት፤ ደንግጠው ጊዜያቸው ሳይደርስ ከዘለሉ መሬት ላይ ያልቃሉ። አጥኚዎች በጎጆዎች አጠገብ ቪዲዮ ካሜራ ደብቀው ሲቀርጹ ከዘራፊዎቹ መካከል በተደጋጋሚ የታየው ይኸው ስክራብ ጄይ ነው። ከአርጀንቲና የመጣው መጤ ጉንዳንም ጫጩት ሲያጠቃ ተይዟል።

ጫጩቶቹ ስድስት ወይም ሰባት ቀን ሲሞላቸው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለውን የብረት ቀለበት ያስርላቸዋል፤ ካደጉት ላይ ደግሞ ባለቀለም ቀለበት ይጨመራል። በሚቀጥለው ዓመት አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ቀለሙን አይቶ ማንነቱን ማወቅ ይቻላል። ያደጉ ቪሪዮዎች ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የማያንስ የደርሶ መልስ ጉዞ አድርገው ባለፈው ዓመት ወደነበሩበት ጥሻ፣ አንዳንዴም ወደዚያው ቁጥቋጦ ይመለሳሉ። ይህ ታማኝነት መልካም ብቻ አይደለም። ጥሻው በሌሉበት ከተመነጠረ የሚመለሱት ወደ ባዶ መሬት ነው።

ጎጆ ማየት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የሒሳብ ችግር መጣ። ሃያ ጎጆ ተገኘ፣ አሥሩ ተሳካ፣ ስለዚህ ግማሹ ይሳካል። ትክክል ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን የተዘረፈ ጎጆ ማንም ሳያየው ይቀራል። ጫጩቶቹ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የተገኘ ጎጆ ደግሞ አደጋውን ሁሉ አልፎ ነው ወደ መዝገቡ የገባው። ስለዚህ መዝገቡ ከእውነታው ይልቅ ያማረ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ሃሮልድ ሜይፊልድ ነው። ሜይፊልድ በሙያው የወፍ ተመራማሪ አልነበረም፤ የኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ ወፍ በትርፍ ጊዜው የሚያጠና ሰው ነበር። በ1961 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጎጆ አትቁጠሩ፣ ጎጆው በዓይናችሁ ሥር የቆየበትን ቀን ቁጠሩ። ሃያዎቹ ጎጆዎች በድምሩ 250 ቀን ታይተው በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥሩ ከፈረሱ፣ በአንድ ቀን የመፍረስ ዕድሉ ከ250 አሥር፣ ማለትም አራት በመቶ ነው። የመትረፉ ዕድል 96 በመቶ ሆነ። አንድ የቪሪዮ ጎጆ ከመጀመሪያው እንቁላል ጫጩት እስኪወጣ 30 ቀን ገደማ መትረፍ አለበት። 96 በመቶን ሠላሳ ጊዜ በራሱ ሲያባዙት 29 በመቶ ይመጣል። ሃምሳ የመሰለው ሠላሳ እንኳ አልሞላም። (ቁጥሮቹን ስሌቱን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።) ዛሬ ከዚህ የረቀቁ ዘዴዎች አሉ፤ መሠረታቸው ግን ይኸው ነው። ለእኔ ይህ የሳይንስ ውበት ነው፤ ላባውም ዝማሬውም የሌለበት፣ ግን ወፊቱን በትክክል የሚያሳይ።

አሁን ወደዚያ እንግዳ እንመለስ። ቡናማ ራስ ያለው ካውበርድ ድሮ በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የጎሽ መንጋ ተከትሎ፣ ከኮቴው ሥር የሚነሱትን ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር ወፍ ነበር። ከመንጋ ጋር የሚዞር ወፍ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንቁላል መታቀፍ አይመቸውም፤ እንቁላሉን በሌሎች ወፎች ጎጆ ይጥላል። ከብት በተስፋፋበት ሁሉ እሱም ተስፋፋ፤ በ1900 ገደማ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ደረሰ። አንዲት ሴት በአንድ ወቅት እስከ 40 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የካውበርዱ እንቁላል ከቪሪዮዋ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ቀድሞ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም ብዙ እጥፍ ትልቅ ነው። የቪሪዮዋን ልጆች ገፍቶ አይጥልም፤ ምግቡን ብቻውን ይበላዋል፤ እነሱ በረሃብና በመረገጥ ያልቃሉ። ከሱ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመት የኖሩ አንዳንድ ወፎች እንቁላሉን ለይተው የሚጥሉበት ዘዴ አላቸው። ታናሿ ቪሪዮ የላትም። አንዳንዴ ጎጆውን ትታ ሌላ ትሠራለች፤ አለዚያ ታሳድግለታለች።

ከሳን ዲዬጎ በስተሰሜን ባለው ካምፕ ፔንድልተን፣ የአሜሪካ ማሪን ጦር ሠፈር ውስጥ፣ ሳንታ ማርጋሪታ ወንዝ ያልፋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ከታዩት የቪሪዮ ጎጆዎች ግማሽ ያህሉ፣ 47 በመቶው፣ የካውበርድ እንቁላል ነበረባቸው። በ1983 ወጥመድ ተተከለ። ወጥመዱ ሰው ቆሞ የሚገባበት የሽቦ ቤት ነው፤ በላዩ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ እህል ይደረግና ጥቂት ሕያው ካውበርዶች ለመሳቢያ ይቀመጣሉ። ወፉ ክንፉን አጥፎ ይገባል፤ ክንፉን ዘርግቶ መውጣት ግን አይችልም። ሌላ ዓይነት ወፍ ከገባ ይለቀቃል። በ1990 በሠፈሩ ውስጥ ካውበርድ የገባባቸው ጎጆዎች ከአንድ በመቶ በታች ወረዱ። የቪሪዮ ወንዶች ቁጥርም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከነበረበት 60 ገደማ ተነስቶ ወደ ብዙ መቶዎች ወጣ።

ወጥመዱ በተተከለበት ወቅት ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ይህን ለመለየት የረዳው የጎጆ ሥራው ነው። ለብዙ ዓመታት እነዚህን ወፎች ያጠኑት ባርባራ ኩስ በሳን ሉዊስ ሬይና በሌሎች ወንዞች ዳር የካውበርድ እንቁላል ከገባባቸው ጎጆዎች እንቁላሉን እያወጡ ውጤቱን ተከታትለዋል። እንቁላሉ የወጣላቸው የራሳቸውን ጫጩት አሳደጉ፤ ያልወጣላቸው የራሳቸውን የሚያሳድጉት ከስንት አንዴ ነው። በ2006 በተደረገው የመንግሥት ግምገማ የታወቁት የቪሪዮ ግዛቶች ወደ 3,000 ተጠግተው ነበር፤ ከ1986ቱ አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር። ግን ያቺ ጎረቤት፣ ፍላይካቸሯ፣ አለች። እሷም በካውበርድ ትጠቃለች፤ ወጥመዱ ለእሷም ይሠራል ተብሎ ተገመተ። ኩስና ሜሪ ዊትፊልድ በ2005 ሁለቱን ወፎች አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፣ ወጥመዱ በተተከለባቸው ቦታዎች ካውበርድ የሚገባባቸው የፍላይካቸር ጎጆዎች ቀነሱ፤ ቁጥሯ ግን እንደ ቪሪዮዋ አልጨመረም። በካሊፎርኒያው ኬርን ወንዝም እንዲሁ ነበር። ወንዙ አንድ፣ ጠላቱ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ ውጤቱ ግን ሁለት። አንዷን ብቻ ተከታትለን ቢሆን ኖሮ ለሌላዋም በእርግጠኝነት እንናገር ነበር።

ፍላይካቸሯ ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አሳይታለች። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ታማሪስክ የሚባል ከውጭ የገባ ዛፍ በየወንዙ ዳር አኻያውን ተክቶ በቅሏል። መጤ ስለሆነ መጥፋት አለበት ተባለና በ2001 ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ከእስያ መጥቶ በሜዳ ተለቀቀ። የጎጆ መዝገቡ ግን ፍላይካቸሯ በብዙ ቦታ በዚሁ ታማሪስክ ላይ እንደምትራባ ያሳይ ነበር። ጥንዚዛው በዩታ በቨርጂን ወንዝ ደርሶ በመራቢያዋ ወራት ቅጠሉን አረገፈው፤ ጎጆዎቹ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀሩ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2010 ፕሮግራሙን አቆመ፤ ጥንዚዛው ግን በራሱ መስፋፋቱን አላቆመም። ዛፉን ከመንቀል በፊት አኻያውን መልሶ መትከል ይቀድም ነበር።

በሳንታ አና ወንዝ የተደረገው ለዚህ ጥሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ወንዙን የወረረው ተክል እኛ በደንብ የምናውቀው ሸምበቆ ነው። ለአጥርና ለጣሪያ የሚሆነን ሸምበቆ በካሊፎርኒያ ወንዞች ክፉ አረም ሆኗል፤ ውኃውን ይጠጣል፣ እሳት ያዛምታል፣ ቪሪዮም ፍላይካቸርም ጎጆ አይሠሩበትም ማለት ይቻላል። በፕራዶ ግድብ አካባቢ ሸምበቆው እየተነቀለ አኻያው እንዲያገግም ተደረገ፤ የካውበርድ ወጥመድም ተተከለ። በ1986 ከ20 የማይበልጡት የቪሪዮ ጥንዶች በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ብዙ መቶዎች ሆኑ። ነቀላው የሚካሄደው ወፊቱ ከሄደች በኋላ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ የጎጆ ካርታውም የት እንደሚጀመርና የት እንደሚቆይ ይወስናል።

በሳን ዲዬጎ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህን ወፍ ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በሚሽን ትሬይልስ ፓርክ በሳን ዲዬጎ ወንዝ ዳር በሚያዝያና በግንቦት ማለዳ ከመንገዱ ሳይወጡ ጆሮ መጣል በቂ ነው። ከመንገዱ ሳይወጡ ያልኩት ከላይ በተባለው ምክንያት ነው።

በ2005 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ዜና መጣ። በሳን ዋኪን ወንዝ የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ቪሪዮዋ ከ50 ዓመት በላይ ባልራባችበት በዚያ ሸለቆ፣ አንድ ጥንድ ጎጆ ሠርቶ ጫጩት አወጣ። ቦታው የእርሻ መሬት የነበረ፣ አኻያ ከተተከለበት ሦስት ዓመት ብቻ የሆነው ነበር። በቀጣዩ ዓመትም አንድ ጥንድ ተራባ። ከዚያ ወዲህ ያለው መመለስ ቀርፋፋና የተቆራረጠ ነው፤ ሆኖም ወፊቱ በተተከለ ጥሻ ውስጥም እንደምትራባ ያኔም ታየ።

የቀረው ጥያቄ ወጥመዱ ነው። በየዓመቱ ተተክሎ፣ በየቀኑ ሰው እየጎበኘው፣ ካውበርዶቹ እየተገደሉ ስንት ዓመት ይቀጥላል? ካውበርዱም የአገሩ ወፍ ነው፤ ያስፋፋው እኛው ነን። ወጥመዱ ካልተቋረጠ ወፊቱ በራሷ ቆማለች ማለት አይቻልም፤ ቢቋረጥ ደግሞ ካውበርዶቹ ከዙሪያው ተመልሰው ይሞሉታል። ለፍላይካቸሯ በ2002 የወጣው የማገገሚያ ዕቅድ አንድ መለኪያ አስቀምጧል፦ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መረጃ ተሰብስቦ ካውበርድ የገባባቸው ጎጆዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ ከበለጡ ወጥመድ ይታሰብ ይላል። በእኔ አስተያየት ወጥመድ ለማቆምም መለኪያው ይኸው መሆን አለበት። በወጥመድ የተያዙት ካውበርዶች ቁጥር ይህን አይነግረንም፤ ብዙ መያዙ ብዙ ስላሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጥመዱን ለማቆም የሚያስብ ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ለሁለት የመራቢያ ወቅት መስታወት ይዞ በየጥሻው የሚዞር ሰው መቅጠር አለበት፤ ይህ ደግሞ ከወጥመዱ የሚረክስ ሥራ አይደለም።